የካሶኒ ወለል ስናነሣና ስንጠግን የትኛውን ማሽን እንምረጥ?

ስለ ኤሌክትሪክ የእጅ መሣሪያዎች አመራረጥ በተማርንበት ሰሞን መምህራችን ለምሳሌ የወሰዱት የጀልባ ወለል ነበር። «ወለሉ በስብሷል፤ አንሥታችሁ በአዲስ መተካት አለባችሁ፤ ምን ምን ማሽን ይዛችሁ ትገባላችሁ?» ብለው ጠየቁን። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ «ቲቸር፣ ኮልፌ ላይ ደግሞ ጀልባ የት አለ?» ሲል ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እሳቸውም አብረውን ሳቁና «ልምምድ ስትወጡ ታገኙታላችሁ፤ የኮልፌ ጀልባ ጎማ አለው» አሉን።

እውነታቸውን ነበር። ለልምምድ የተመደብኩት እዚሁ ኮልፌ ቀራኒዮ ውስጥ፣ ከአጣና ተራ ብዙም ሳይርቅ የጭነት መኪና አካል በሚሠራበት አንድ ወርክሾፕ ነው። የመጀመሪያ ሥራዬም ከጎጃም ጤፍ እየጫነ እህል በረንዳ የሚያራግፍ የአንድ አይሱዙ የካሶኒ ወለል መቀየር ሆነ። ከ11ዱ ጣውላዎች 7ቱ በስብሰው ነበር። በዚያ ሥራ ላይ ያየሁትንና ያጠፋሁትን ለዲፓርትመንታችን ተማሪዎች ባካፍል ይጠቅማል ብዬ ይህን ጽሑፍ አዘጋጅቻለሁ። ዓላማዬም አንድ ነገር ማስረዳት ነው፦ ወለል የሚያነሣ ሰው ማሽኑን የሚመርጠው ከወለሉ ሥር ያለውን ካየ በኋላ መሆን አለበት። የማሽኑ ጉልበት ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ነው።

1. ወለሉ በምን ላይ ተኝቷል?

የካሶኒ የእንጨት ወለል ሲታይ ቀላል ነገር ይመስላል። ሥሩ ስንገባ ግን ሌላ ነው። ከሁሉም በታች ሻንሲው አለ። በሻንሲው ላይ ርዝመቱን ተከትለው ሁለት ተሸካሚዎች ይተኛሉ። ከነሱ በላይ በመኪናው ወርድ አግዳሚ ብረቶች ይደረደራሉ፤ ጣውላዎቹ የሚቀመጡት በነዚህ አግዳሚዎች ላይ ነው። ጣውላና አግዳሚ የሚያያዙት ብዙውን ጊዜ በክብ ራስ ቡሎንና በዳዶ ሲሆን፣ ወለሉ ከዚህ በፊት የተነካካ ከሆነ ሚስማርም፣ ቪቴም፣ አልፎ አልፎም የብየዳ ነጥብ ይገኝበታል። በአግዳሚዎቹ መካከልና በሻንሲው ጎን ደግሞ የኋላ መብራት ሽቦና የፍሬን ቱቦ ያልፋሉ። የናፍጣ ታንከሩና ባትሪውም እዚያው አጠገብ ናቸው።

መምህራችን ይህን ከጀልባ ጋር ያመሳሰሉበት ምክንያት የገባኝ ያኔ ነው። ጣና ላይ ከደንገል ለሚሠራው ታንኳ ማሽን አያስፈልግም። የፋይበርግላስ ጀልባ ወለል ግን በብዙዎቹ ላይ ሁለት ስስ የፋይበር ንጣፎች ሆኖ፣ በመካከላቸው ቀላል እንጨት ወይም ኮምፔንሳቶ ይኖራል። ውሃ በቪቴ ቀዳዳ በኩል ሰርጎ ይገባና የመካከሉን እንጨት ያበሰብሰዋል። ጠጋኙ የላይኛውን ንጣፍ ብቻ ቆርጦ ያነሣል፤ የበሰበሰውን ጠርጎ በአዲስ ይተካል፤ ከዚያም ንጣፉን መልሶ ይለጥፋል። እዚያ ጥቂት ሚሊ ሜትር አልፎ መቁረጥ የታችኛውን ንጣፍ ያበላሻል። እኛ ጋም የሚበሰብሰው በዚያው መንገድ ነው። ውሃ በቡሎን ቀዳዳ ይገባና ጣውላው አግዳሚው ላይ የተኛበትን ቦታ ያበሰብሳል። ከላይ ደህና የሚመስል ጣውላ ከሥር በካቻቢቴ ሲወጋ እንደ ዳቦ የሚሆነው ለዚህ ነው።

2. ያጠፋሁት ጥፋት

ባለመኪናው መኪናውን በሦስት ቀን እንድንጨርስለት ነግሮናል። መኪና በቆመበት ቀን ገቢ የለም፤ የሾፌሩና የረዳቱ ወጪ ግን አይቆምም። እኔም ቸኮልኩ። የዛጉትን ዳዶዎች አንድ በአንድ መፍታት አሰልቺ ሆኖ ስላገኘሁት ምላጩ ወደፊትና ወደኋላ የሚመላለሰውን መጋዝ አነሣሁ (ከዚህ በኋላ ተመላላሽ መጋዝ እለዋለሁ)። ማሽኑ ላይ ተገጥሞ ያገኘሁት ምላጭ 30 ሳ.ሜ. የሚሆን ነበር። የጣውላው ውፍረት ደግሞ 4 ሳ.ሜ. ብቻ ነው። አጭር ምላጭ ፈልጌ መቀየር ስችል «ይሄም ይቆርጣል» ብዬ ጀመርኩት። በእርግጥም ቆረጠ። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ አራት ጣውላ አነሣሁ፤ ጓደኞቼም «ጎበዝ!» አሉኝ።

ማታ ልንዘጋ ስንል አለቃችን የእጅ ባትሪ ይዘው ከመኪናው ሥር ገቡ። ሁልጊዜ እንዲህ ያደርጋሉ። ቆይተው «አንቺ ልጅ፣ ነይ እስቲ ጣትሽን እዚህ ጋ አድርጊው» አሉኝ። ጣቴ የፍሬን ቱቦው ላይ አንድ ቀጭን ጭረት አገኘ። ቱቦው አልተበሳም፤ ዘይትም አያንጠባጥብም። ነገር ግን እስከ ግማሽ ውፍረቱ ተቆርጧል። አለቃችን ምንም ሳይጨምሩ ወጡና ሾፌሩን ጠርተው አሳዩት። እሱም ጎንበስ ብሎ ካየ በኋላ «እህቴ፣ እኔ እኮ ይህን መኪና ይዤ ዓባይ በረሃ ነው የምወርደው» አለኝ። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ቱቦው ተቀየረ፤ ከፍሬኑ ውስጥ አየር እንዲወጣ ተደረገ፤ መኪናውም አንድ ቀን ዘግይቶ ወጣ። ሁለት ሰዓት ላተርፍ ብዬ አንድ ሙሉ ቀን አከሰርኩ ማለት ነው፤ ያውም ጭረቱ ስለተገኘ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚባለው እንዲህ ላለው ሰው ይመስለኛል።

ማሽኑ ጥፋት አልነበረበትም። እኔ ነበርኩ ሦስት ጥያቄዎችን ሳልጠይቅ የጀመርኩት፦
ሀ) ወለሉን የያዘው ምንድን ነው? ቡሎን፣ ሚስማር፣ ቪቴ ወይስ ብየዳ?
ለ) ከሥሩ ምን አለ?
ሐ) የማነሣው ማሽን ምን ያህል ጠልቆ ይገባል? ጥልቀቱን መገደብስ እችላለሁ?

ከዚህ ቀጥሎ እያንዳንዱን ማሽን በነዚህ ጥያቄዎች እንመዝነው።

3. ለማንሣት የሚያገለግሉ ማሽኖች

ድሪል። ብዙዎቻችን ድሪልን የምናስበው ለመግጠም ብቻ ነው። ነገር ግን በቡሎን የተያዘ ወለል ለማንሣት የመጀመሪያው ምርጫ ሊሆን ይገባል። መጀመሪያ ዳዶው ላይ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ተደርጎ ይታደራል፤ በማግስቱ በቁልፍ ይሞከራል። ቡሎኑ በበሰበሰው እንጨት ውስጥ አብሮ የሚዞር ከሆነ ራሱ ላይ ከላይ ነጥብ ተመትቶ፣ በቀጭን ፑንታ ተጀምሮ፣ በቡሎኑ ውፍረት ልክ በሆነ ፑንታ ይሰረሰራል። ራሱ ሲወልቅ ጣውላው ይነሣል። ሥራው ዝግ ያለ ነው፤ ነገር ግን የምንሰረስረው ከላይ ባለው ራስ ላይ ስለሆነ ከሥር ያለውን አይነካም፤ የእሳት ፍንጣሪም የለውም ማለት ይቻላል። ለዚህ ሥራ ለኮንክሪት የሚሆነው እየመታ የሚሰረስር ድሪል አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ፍጥነቱ ዝቅ የሚል ነው፤ ብረት በዝግታ ነው የሚሰረሰረው።

የእጅ ክብ መጋዝ። የዚህ ማሽን ትልቁ ጥቅም ጥልቀቱ የሚስተካከል መሆኑ ነው። 185 ሚ.ሜ. ዲስክ ያለው የተለመደው ዓይነት ቀጥ ብሎ ሲቆርጥ እስከ 65 ሚ.ሜ. ገደማ ይገባል። ጣውላው 40 ሚ.ሜ. ከሆነ ጥልቀቱን 38 ላይ እናስረዋለን። የምትቀረዋን 2 ሚ.ሜ. በመሮና በመዶሻ መስበር ይቻላል። አሮጌ ጣውላ መካከሉ ስለሚበላ ውፍረቱን በአንድ ቦታ ለክቶ መተው ግን አይበቃም። ድሪል በሰረሰረው ቀዳዳ በኩል ሦስት አራት ቦታ ለክተን ትንሹን ቁጥር መውሰድ አለብን። ሌላው ጠላት ሚስማር ነው። የዲስኩ ጥርሶች ጫፍ ካርባይድ ስለሆነ ሚስማር ሲያገኝ ይረግፋል፤ የረገፈውም ወደ ፊት ይወረወራል። ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት በክር አስሮ በጣውላው ላይ ማዞር የተደበቀውን ሚስማር ያሳያል። ዋጋው ከአንድ ዲስክ ጋር አይወዳደርም።

ተመላላሽ መጋዝ። ይህ ማሽን በሁለት መንገድ ይያዛል፦ ቁልቁል ወይም በአግድም። ቁልቁል ሲያዝ የምላጩ ጫፍ የት እንደደረሰ አይታይም። በዚያ ላይ ምላጩ ሲመላለስ ጫፉ እንደ ማሽኑ ዓይነት 3 ሳ.ሜ. ያህል ይንቀሳቀሳል። እኔን ያሳሳተኝ ይህ ነው። ትክክለኛ ቦታው በአግድም ነው። ጣውላውን በብረት ዘንግ ትንሽ ከፍ አድርገን፣ በጣውላውና በአግዳሚው መካከል አጭርና ደቃቅ ጥርስ ያለው የብረት ምላጭ አስገብተን ቡሎኑን እንቆርጣለን። ምላጩ ሊያልፍ የሚችልበት ቦታ ሁሉ አስቀድሞ በዓይን መታየት አለበት።

ጅግሶ። ምላጩ ሁልጊዜ ከጣውላው ሥር ወጥቶ ይመላለሳል፤ ጥልቀቱን መገደብ አይቻልም። ስለዚህ ለማንሣት አይሆንም። ጠረጴዛ ላይ ለጎማ መሸፈኛና ለማዕዘን የሚሆን ክብ ቅርጽ ለማውጣት ግን ተወዳዳሪ የለውም።

ማልቲቱል። ይህ በፈጣን ንዝረት የሚቆርጠው ትንሹ ማሽን ነው። ታሪኩ ደስ ይላል። የጀርመኑ ፋይን ኩባንያ፣ እ.ኤ.አ. በ1895 የመጀመሪያውን የኤሌክትሪክ የእጅ መሰርሰሪያ የሠራው ማለት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1967 የተሰበረ አጥንት የሚታሰርበትን ጀሶ የሚቆርጥ መጋዝ አወጣ። ምላጩ አይዞርም፤ በጣም ጠባብ በሆነ ማዕዘን ወዲያና ወዲህ ይንቀጠቀጣል። ጠንካራውን ጀሶ ሲቆርጥ ለስላሳው ቆዳ ግን አብሮት ስለሚንቀሳቀስ በቀላሉ አይቆረጥም። ዛሬ ገበያ ላይ የምናየው ማልቲቱል የዚያ ልጅ ነው። የእንጨት ምላጩ ግን ቆዳ ይቆርጣልና ጣት እንዳይሞከርበት። ዝግ ይላል፤ ረጅም ቁርጥ ይደክመዋል። ሽቦ ወይም ቱቦ አጠገብ የቀረችውን አንድ መዳፍ ጣውላ ለማውጣት ግን ከሱ የተሻለ የለም።

ግራይንደር። እዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም በየወርክሾፑ መጀመሪያ የሚነሣው እሱ ነው። ሁለት አደጋ አለው። አንደኛው እሳት ነው። የአሮጌ ካሶኒ ወለል እንዳይበሰብስ ተብሎ የተቃጠለ ዘይት ሲቀባ የኖረ ነው፤ ከሥሩም ሰጋቱራና የእህል አቧራ ተጠራቅሟል፤ ታንከሩም ቅርብ ነው። የግራይንደር ፍንጣሪ ሰጋቱራ ውስጥ ገብቶ ነበልባል ሳያሳይ ሊቆይና ሰው ከሄደ በኋላ ሊነሣ ይችላል። የግድ ከሆነ ቦታው ተጠርጎ፣ ታንከሩ ተሸፍኖ፣ ማጥፊያ አጠገብ ተቀምጦ፣ ሥራው ካለቀ በኋላም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው የዲስኩ ፍጥነት ነው። መከላከያውን አውልቆ በትንሹ ግራይንደር ላይ ትልቅ ዲስክ መግጠም በዓይኔ ያየሁት ነገር ነው። እስቲ እናስላው። ባለ 115 ሚ.ሜ. ግራይንደር በደቂቃ ወደ 11,000 ጊዜ ይዞራል። የመቁረጫ ዲስኮች አብዛኛውን ጊዜ የሚፈቀድላቸው የጠርዝ ፍጥነት በሰከንድ 80 ሜትር ነው። በዚህ ማሽን ላይ 230 ሚ.ሜ. ዲስክ ብንገጥም፦

3.14 × 0.230 × 11,000 ÷ 60 = በሰከንድ 132 ሜትር ገደማ

ከተፈቀደው ከአንድ እጥፍ ተኩል በላይ ነው። ዲስኩ ሲፈነዳ የሚያስቆመው መከላከያ ደግሞ አስቀድሞ ወልቋል። በግራይንደር ላይ ጥርስ ያለው የእንጨት መጋዝ መግጠምም እንዲሁ ነው፤ እንጨቱ ሲነክሰው ማሽኑ ከእጅ አምልጦ ወደ ያዘው ሰው ይመለሳል። በኔ አስተያየት ግራይንደር ለወለል ሥራ የመጨረሻ ምርጫ መሆን አለበት፤ ለእንጨት ደግሞ ጨርሶ ምርጫ አይደለም።

4. ለመጠገን የሚያገለግሉ ማሽኖች

አዲሱን ወለል ስንሠራ ጥያቄው ይለወጣል። አሁን የሚያሳስበን እንጨቱና ጭነቱ ነው። እኛ የተጠቀምነው የባሕር ዛፍ ጣውላ ነበር። ባሕር ዛፍ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን እርጥቡ ሲደርቅ በጣም ይኮማተራል፣ ይጣመማልም። እርጥብ ጣውላ አጋጥመን ብንመታው ከጥቂት ወራት በኋላ በመካከሉ ክፍተት ይወጣል። ጤፍ ደግሞ ከእህል ሁሉ ደቃቁ ነው፤ ከተቀደደ ጆንያ የፈሰሰው በዚያች ክፍተት መንገድ ላይ ይቀራል። ስለዚህ አለቃችን የደረቀ ጣውላ እንዲመረጥ፣ ጠርዙም ግማሽ ለግማሽ ተቆርጦ አንዱ በሌላው ላይ እንዲደረብ አደረጉ። እንጨቱ ቢኮማተርም ከሥር ያለው ጠርዝ ክፍተቱን ይዘጋል።

ይህን የጠርዝ ቁርጥ ለማውጣት ውድ ማሽን አላስፈለገንም። ያው ክብ መጋዝ፣ ጥልቀቱ በጣውላው ግማሽ ውፍረት ታስሮ፣ የጎን መሪው ተገጥሞለት፣ አንድ ጊዜ ከላይ አንድ ጊዜ ከጎን ሲነዳ ይበቃል። ለማንሣት የመረጥነው ማሽን ለመጠገንም ሲያገለግል ገንዘብ ይቆጥባል።

ቀጥሎ ድሪል ነው። ባሕር ዛፍ ሳይበሳ ሚስማር ቢመታበት ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ቡሎን ቀዳዳው አስቀድሞ ይሰረሰርለታል። የቡሎኑ ራስ ከወለሉ በላይ እንዳይቀር ቀዳዳው ከአፉ ሰፋ ብሎ ይወጣል። ቀና ብሎ የቀረ ራስ በየጭነቱ ጆንያ ይቀዳል፤ የአውራጆችንም እግር ይመታል። ቀዳዳውና የጣውላው ሁለት ጫፎች ከመገጠማቸው በፊት በደንብ ቀለም መጠጣት አለባቸው፤ ውሃ የሚገባው በዚያ ነውና። ሻንሲውን ግን ለማሰሪያ ብሎ መሰርሰር ወይም ጠርዙ ላይ መበየድ አይገባም፤ ብረቱ የሚደክመውና የሚሰነጠቀው ከዚያ ይጀምራል። ብየዳ ሌላ ቦታ ላይ የግድ ከሆነም በመጀመሪያ የባትሪው ገመድ ይነቀላል።

የኤሌክትሪክ መላጊያና የብርጭቆ ወረቀት ማሽን ለካሶኒ ወለል ብዙም አያስፈልጉም። መጋጠሚያው ላይ ከፍ ዝቅ ያለውን በእጅ መላጊያ ማስተካከል ይበቃል። የሚጠቀም ሰው ካለ ግን የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ያድርግ፤ የእንጨት አቧራ ካንሰር እንደሚያመጣ በዓለም የጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1995 መድቦታል።

5. ገመድና መብራት

በግቢ ውስጥ ስንሠራ ሶኬቱ ሩቅ ነው። 2,000 ዋት ማሽን በ220 ቮልት ወደ 9 አምፒር ይስባል። 50 ሜትር ርዝመት ባለው 0.75 ካሬ ሚ.ሜ. የመዳብ ማራዘሚያ ብንሰጠው መንገድ ላይ 21 ቮልት ያህል ይጠፋል። በ2.5 ካሬ ሚ.ሜ. ቢሆን የሚጠፋው ከ7 ቮልት ያነሰ ነው። ቮልት ሲወርድ ማሽኑ ይደክማል፤ እኛም እየተጫንን እናስገድደዋለን፤ በመጨረሻ ሞተሩ ይቃጠላል። «ማሽኑ ጥራት የለውም» ከምንል በፊት ገመዱን መለካት ጥሩ ነው። የተጠቀለለ ገመድም ሙሉ በሙሉ ሳይፈታ መጠቀም አይገባም፤ ይግላል።

ጭቃና እርጥበት ባለበት ግቢ ደግሞ 30 ሚሊ አምፒር ላይ የሚቆርጥ መከላከያ ብሬከር ሕይወት ያድናል። ማሽኑ ላይ አንዱ በሌላው ውስጥ ያለ የሁለት ካሬ ምልክት ካለ ድርብ ኢንሱሌሽን አለው ማለት ነው፤ ስንገዛ እንመልከተው። በባትሪ የሚሠሩት ማሽኖች የገመዱን ጣጣ ያስቀራሉ፤ መብራት ሲጠፋም አያስቆሙም። ነገር ግን ባትሪው ለብቻው ውድ ነው። ከተገዛም ድሪሉና ሌላው ማሽን በአንድ ዓይነት ባትሪ የሚሠሩ ቢሆኑ ይመረጣል።

6. ከምን እንጀምር?

ተመርቀን ተደራጅተን ሥራ ብንጀምር ሁሉንም በአንድ ጊዜ መግዛት አንችልም። በኔ ግምት ቅደም ተከተሉ እንደሚከተለው ቢሆን መልካም ነው፦

አንደኛ፣ መነጽር፣ የጆሮ መከላከያ፣ ወፍራም ማራዘሚያ ገመድና ብሬከር። 
ሁለተኛ፣ ፍጥነቱ የሚስተካከል ድሪል ከጥሩ ፑንታ ጋር። 
ሦስተኛ፣ ጥልቀቱ የሚታሰር ክብ መጋዝ። 
አራተኛ፣ ማልቲቱል። 
አምስተኛ፣ ተመላላሽ መጋዝ ከአጫጭር ምላጮች ጋር።

መርካቶ ወርደን ስንገዛ ሻጩ መጀመሪያ የሚነግረን ዋቱን ነው። እኛ ደግሞ ጥልቀቱ እንዴት እንደሚታሰር፣ መከላከያው ደህና መሆኑን፣ ለሞተሩ የሚሆን ካርቦንና መለዋወጫ እዚሁ መገኘቱን እንጠይቅ። ማሽኑን እዚያው አስነሥቶ ድምፁን መስማትም ነውር የለውም።

በመጨረሻም፣ ያ አይሱዙ ከወርክሾፑ ሲወጣ ሾፌሩ መሪውን ከመያዙ በፊት ራሱ ከሥር ገብቶ አየ። አለቃችንም ዝም ብለው ጠበቁት። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ማሽን ከማንሣቴ በፊት የእጅ ባትሪ ይዤ ከመኪናው ሥር እገባለሁ፤ ሥራውን ስጨርስም እንደገና እገባለሁ። አሁን መምህራችን ያን ጥያቄ ደግመው ቢጠይቁኝ «ይዤ የምገባው በመጀመሪያ የእጅ ባትሪ ነው» ብዬ እመልሳለሁ። በልምምድ ላይ ተመሳሳይ ነገር ያጋጠማችሁ ተማሪዎች ካላችሁ በሚቀጥለው እትም ብትጽፉልን ሁላችንም እንማርበታለን።